መብራት የማይሄድበት ቤት

አማርኛ ውስጥ መብራት አይቋረጥም፤ ይሄዳል። ተጠገነም አይባልም፤ መጣ ነው የሚባለው። የራሱ ፈቃድ ያለው ዘመድ ይመስላል፤ ሲያሻው ይነሳል፣ ሲያሻው ይመለሳል። ደሞ «መብራት» የሚለው ቃል አምፖሉንም፣ በሽቦ የሚመጣውንም ኃይል፣ አንዳንዴ የሚልክልንንም መሥሪያ ቤት በአንድ ስም ጠቅልሎ ይጠራል። ስለዚህ «መብራት ሄደ» ካልን በኋላ የት ላይ ተበጠሰ፣ ማን ይጠግነው፣ ማንን እንጠይቅ የሚሉት ጥያቄዎች ሁሉ በአንድ ግስ ይዘጉና ሻማ ፍለጋ እንሄዳለን።

እኔ በምኖርበት ኮንዶሚኒየም መብራት ሲመጣ ልጆቹ ከላይ እስከ ታች በአንድ ድምፅ ይጮኻሉ። የብሎኩ ሰው በሙሉ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር የሚሰማው ምናልባት በዚያች ሰዓት ብቻ ነው። ከተወሰነ ጊዜ ወዲህ ግን ጩኸቱን ስሰማ «ምን መጣ?» እላለሁ። ሄዶ እንደነበር የማውቀው ከዚያ በኋላ ነው። ጠረጴዛዬ ሥር ባትሪ አለ፤ ስክሪኔ ብልጭ አላለም፤ ስብሰባው አልተቋረጠም። ጨለማው በሬ ድረስ መጥቶ ተመልሷል።

ባትሪ መግዛት ነውር ነው ልል አይደለም። የእኔ ነገ ቢበላሽ ከነገ ወዲያ ሌላ እገዛለሁ። እያሰብኩበት ያለሁት ሌላ ጥያቄ ነው፦ ከጋራ ችግር በገንዘቡ የወጣ ሰው፣ ችግሩ ውስጥ ለቀሩት ሰዎች ዕዳ አለበት? ካለበትስ በምን ነው የሚከፈለው?

መጀመሪያ ዕቃውን ላስረዳ፤ ምክንያቱም ክርክሩ ቁጥሮቹ ውስጥ ነው ያለው።

ሥራዬ ሶፍትዌር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከቤት ነው የምሠራው። የጀመርኩት ሁሉም እንደሚጀምረው በትንሽ ዩፒኤስ ነው። እነዚያ ጥቁር ሳጥኖች ውስጥ ብዙውን ጊዜ ያለው 12 ቮልት፣ 7 አምፔር-ሰዓት የሆነ የእርሳስ ባትሪ ነው። ስታባዙት 84 ዋት-ሰዓት ይሆናል፤ እሱም በወረቀት ላይ። ብዙ ኃይል በአንዴ ሲሳብበት ግማሹንም ላይሰጥ ይችላል። ይሄ ዕቃ የተሠራው ፋይላችሁን «ሴቭ» አድርጋችሁ ኮምፒውተሩን በሰላም እንድታጠፉ እንጂ ሥራ እንድትሠሩበት አይደለም። ፋብሪካው ያሰበው ደንበኛ መብራት በዓመት ጥቂት ጊዜ የሚሄድበትን ሰው ነው። እኛ በሳምንት ጥቂት ጊዜ እስከ ታች ስናሟጥጠው ቶሎ ይሞታል። (ስንት ሰው ቤት ነው እንደ ማከፋፈያ ብቻ የሚያገለግል ሙት ዩፒኤስ ያለው!)

ቀጥዬ የገዛሁት 12.8 ቮልት፣ 100 አምፔር-ሰዓት የሆነ የሊትየም ብረት ፎስፌት ባትሪ ነው፤ ንጹህ ሳይን ሞገድ ከሚያወጣ ኢንቨርተር ጋር። 1,280 ዋት-ሰዓት። ይሄኛው በሺዎች የሚቆጠር ጊዜ ቢሞላና ቢራገፍ ይችላል፤ እንደ እርሳሱ «ግማሽ ላይ አቁሙልኝ» አይልም። ኢንቨርተሩ የራሱን ድርሻ ይበላል፣ እኔም ባትሪውን ሙልጭ አላደርገውም፤ ስለዚህ እጄ ላይ የሚደርሰው 1,000 ዋት-ሰዓት ገደማ ነው። ላፕቶፕ፣ ሞኒተር፣ ራውተርና የፋይበሩ ሳጥን ተደምረው 90 ዋት ያህል ይወስዳሉ። አሥራ አንድ ሰዓት ማለት ነው። ፋይበር ደሞ ደግ ጠባይ አለው፦ ከማዕከሉ እስከ ቤታችሁ ባለው መንገድ ላይ ብርሃኑን የሚከፋፍሉት ዕቃዎች ኤሌክትሪክ አይፈልጉም። ማዕከሉ ኃይል እስካለው ድረስ ሰፈሩ በሙሉ ጨልሞ እናንተ ቤት ኢንተርኔት ይሠራል።

ደህና ኢንቨርተር ከሽቦ ወደ ባትሪ ለመዞር 10 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ ይፈጅበታል። የዴስክቶፕ ፓወር ሰፕላይ ደግሞ 16 ሚሊ ሰከንድ ያህል ያለ ምግብ መቆየት ይችላል። እዚህች ክፍተት ውስጥ ነው እኔና ጎረቤቶቼ የምንለያየው።

ኢንቨርተር ስትገጥሙ መጀመሪያ የምትመልሱት ጥያቄ «ወሳኝ ጭነት ምንድነው?» የሚል ነው። ዩኒቨርሲቲ እያለን የዚህ ምሳሌ ሁልጊዜ የቀዶ ጥገና ክፍል ወይም የዳታ ማዕከል ነበር፤ ማንም አይከራከርበትም። ቤት ውስጥ ሲሆን ግን መፍረድ ይመጣል። ራውተር፣ ወሳኝ። ላፕቶፕ፣ ወሳኝ። ፍሪጅ፣ እናያለን። ምጣድ ሲባል ደሞ ገጣሚው ይስቃል።

ሳቁ ልክ ነው፤ ምጣድ በባትሪ አይነካም። ታች፣ አንደኛ ፎቅ ላይ ግን እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ እናት አሉ፤ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት አካባቢ ይስባል። የእኔ ኢንቨርተር ይሄን ያህል አያወጣም፤ ቢያወጣ እንኳ አሥራ አንድ ሰዓት ኮድ የሚያስጽፈኝ ባትሪ ምጣዱን የሚይዘው 17 ደቂቃ ነው። ምጣዱ እስኪግል ከዚያ ላይ ሲቀነስ የሚተርፈው ጥቂት እንጀራ ነው። ቡኮው ደሞ አይጠብቅም። እኔ ኮምፒውተሬ ቢጠፋ ካቆምኩበት እቀጥላለሁ፤ በየደቂቃው የሚያስቀምጥልኝ ፕሮግራም አለ። ቡኮ «ሴቭ» አይደረግም። አብሲት ተጥሎለት፣ ኩፍ ብሎ፣ ለምጣድ በደረሰበት ሰዓት መብራት ከሄደ እየኮመጠጠ ነው የሚያድረው። ጠዋት የሚወስደው ምግብ ቤት ደግሞ የኮመጠጠ አይቀበልም።

እንጀራ ስንል መተዳደሪያም ማለታችን ነው አይደል? የእኔ እንጀራ 90 ዋት ነው፣ የእትዬ 3,500 ዋት። ልዩነታችን ማን ይበልጥ ይለፋል፣ የማን ሥራ ለአገር ይጠቅማል የሚል አይደለም። በዚያ ቢሆን ማን እንደሚያሸንፍ ምሳ ሰዓት ላይ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ልዩነታችን ይሄ ብቻ ነው፦ የእኔ ሥራ በዋት ቀላል ስለሆነ ሳጥን ውስጥ ገብቶ ጠረጴዛ ሥር ይቀመጣል። የእሳቸው አይገባም። የእሳቸው ሥራ የሚድነው ሽቦው ሲድን ብቻ ነው። ይሄን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ባትሪ ቤት ሲገባ አብሮ የሚገባ ሌላ ነገር አለ፤ መቁጠር። የአንድ ስልክ ባትሪ 19 ዋት-ሰዓት ገደማ ነው፤ መንገድ ላይ የሚባክነው ሲጨመር 25 በሉት። ለእኔ 90 ዋት ስታካፍሉት 17 ደቂቃ ይሆናል። እናም ጎረቤት ስልኩን ይዞ በሩን ሲያንኳኳ፣ ከሰላምታው ቀደም ብሎ ጭንቅላቴ ውስጥ «17 ደቂቃ» የሚል ነገር ያልፋል። ስምንት ስልክ ሲሆን ሁለት ሰዓት ከሩብ። ማንንም መልሼ አላውቅም፤ ቁጥሩ ግን ያልፋል። መብራቱ ከግድግዳ ሲመጣ ሰው ቤታችሁ ስልኩን ሰክቶ ሲሄድ እንዲህ አታስቡም። ቆጣሪው ይቆጥራል እኮ፣ በወር መጨረሻም ትከፍላላችሁ፤ ግን የግድግዳው ነገር የማንም ስለሚመስል አይቆጠርባችሁም። ሳጥን ውስጥ የገባው ግን የእኔ ነው፤ ወደ ታች ሲቀንስ በፐርሰንት ያሳየኛል።

ይሁን እንጂ መቁጠር ስስት ብቻ አይደለም የሚያስተምረው። ፎቃችን ላይ ለ12ኛ ክፍል ፈተና የሚዘጋጅ ልጅ አለ። 9 ዋት አምፖል አምስት ሰዓት ሲበራ 45 ዋት-ሰዓት ነው። የእኔ ግማሽ ሰዓት። የአንድ ልጅ ሙሉ የጥናት ምሽት በእኔ የግማሽ ሰዓት ሥራ! ቁጥሩን ባላውቀው ኖሮ «ኧረ ለራሴም አይበቃኝ» ብዬ በቅንነት ልመልሰው እችል ነበር። አሁን አልችልም፤ እንደሚበቃኝ አውቃለሁ። ቁጥር ሰውን ስስታም ሊያደርገው ይችላል፤ ሰበብም ያሳጣዋል። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ።

ወደ ጽንፍ ስንወስደው ደግሞ መልሱ ግልጽ ይሆናል። ግድግዳ ተጋርተን የሚኖር ሰው በኦክስጅን ማሽን የሚተነፍስ ቢሆንና መብራት ቢሄድ፣ ያ ማሽን 350 ዋት አካባቢ ነው፤ ኬብሉን ለመዘርጋት የሚያቅማማ ሰው ሰው አይባልም። ስለዚህ «የእኔ ነው» የሚለው ቃል የመጨረሻ ቃል አይደለም ማለት ነው። ከኦክስጅን ወደ አምፖል፣ ከአምፖል ወደ ስልክ፣ ከስልክ ወደ ቴሌቪዥን ስንወርድ ግን የሆነ ቦታ ላይ ግዴታው ያልቅና ደግነት ይጀምራል። የት ላይ? ለእኔ አምፖሉ ከመስመሩ ወዲህ ነው፣ የእግር ኳሱ ግጥሚያ ከመስመሩ ወዲያ። ስልኩ መስመሩ ላይ ቆሟል። (በዚህ የማይስማሙ ጎረቤቶች አሉኝ፤ በተለይ ቅዳሜ ቅዳሜ።)

አያቶቻችን ይሄ ራስ ምታት አልነበረባቸውም፤ ለዚህም ምክንያቱ ጠባያቸው ብቻ አይደለም። ምድጃው የጠፋበት ሰው ገል ይዞ ጎረቤት ሄዶ «እሳት ልጫር» ይል ነበር። እሳት ተጭሮለት የሚሄድ ሰው ከሰጪው ምድጃ የሚያጎድለው አንድ ሁለት ፍም ነው፤ ምድጃው እንደ ነደደ ይቀጥላል። በእሳት ላይ መሰሰት ትርጉም የለውም። ልማዱ የቆመው በሰዎቹ ደግነት ላይ ብቻ ሳይሆን በእሳቱ ባሕርይም ላይ ነው። ባትሪ እሳት አይደለም። ለሌላ የሰጠሁት ከእኔ ላይ ይቀነሳል። «ድሮ ተካፍለን ነበር የምንኖረው፣ ዛሬ ሰው ከፋ» የሚለው ወግ ይሄን አይቆጥረውም። ምናልባት ሰው አልከፋም፤ የምንካፈለው ነገር ነው የተቀየረው።

ጆን ሎክ የሚባለው እንግሊዛዊ ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1689 ባወጣው የመንግሥት ድርሳን ላይ ሰው ከተፈጥሮ ሲወስድ ተፈጥሮ ራሷ ያበጀችለት ልክ አለ ይላል፦ ሳይበላሽ ልትጠቀምበት የምትችለው ያንተ ነው፤ ከዚያ በላይ የወሰድከው የሌላ ሰው ድርሻ ነው። ገንዘብ ሲመጣ ግን ልኩ ፈረሰ፤ ወርቅ አይበሰብስማ። ይሄን እኛ በቅርጫ እናውቀዋለን። በሬ የሚታረደው በጋራ የሆነው አንዱ ምክንያት፣ አንድ ቤተሰብ አንድ በሬ ሳይበላሽ በልቶ ስለማይጨርስ ነው። ሥጋው ራሱ «ጎረቤት ጥሩ» ይላል። ማቀዝቀዣ የገባበት ቤት ውስጥ ሥጋው እንደዚያ አይልም፤ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ባትሪም እንደዚያው። ዛሬ ያልተጠቀምኩበት ኃይል ነገም አለ። ስጥ ስጥ የሚለኝ ነገር ከውስጡ አይመጣም። የማስቀመጥ ችሎታ ባገኘን ቁጥር ድሮ ነገሩ ራሱ ያስገድደን የነበረውን አሁን እኛ መወሰን አለብን ማለት ነው።

እሺ፣ ተቃውሞውን እንስማ። «ወንድሜ፣ ከፍዬ ነው የገዛሁት። ከማንም አልወሰድኩም። እንዲያውም መብራት ሲሄድ እኔ በሽቦው ላይ ጫና አልጨምርም።»

የመጨረሻው ክፍል እንኳ ስህተት ነው። መብራት ሲሄድማ ማንም ጫና አይጨምርም። ጫናው የሚመጣው ሲመለስ ነው፦ ፍሪጆች አንድ ላይ ይነሳሉ፣ ሲጠብቁ የቆዩ ምጣዶች ይሰካሉ፣ ኢንቨርተሮች ደግሞ የተጠማ ባትሪያቸውን ማጠጣት ይጀምራሉ። የእኔው ቻርጀር 20 አምፔር ነው፤ 300 ዋት ገደማ ከግድግዳ ይወስዳል፤ ሲሞላም ሲራገፍም የሚባክነው ተጨምሮ ከተጠቀምኩት በላይ ነው የምመልሰው። ግን ማጋነንም አልወድም። ብሎካችን ውስጥ ኢንቨርተር ያለን ስምንት ቤቶች ነን። ስምንታችን ተደምረን 2,400 ዋት፤ ከአንድ ምጣድ ያነሰ። ትራንስፎርመሩን እኛ አልጎዳነውም።

የጎዳነው ሌላ ነገር ይመስለኛል። እሱን በደንብ ያስረዳኝ አልበርት ሂርሽማን የሚባል የምጣኔ ሀብት ሊቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ስለ መውጣት፣ ስለ ድምፅና ስለ ታማኝነት በሚያወራው መጽሐፉ፣ አንድ አገልግሎት ሲበላሽ ደንበኛ ሁለት መንገድ አለው ይላል፦ ወይ ትቶ መውጣት፣ ወይ ቆሞ መጮኽ። ሐሳቡ የመጣለት የናይጄሪያን ባቡር አይቶ ነው። የጭነት መኪና እንደ ልብ እያለ ባቡሩ ለምን አልተሻሻለም? ፉክክር ያሻሽላል አይባልም ነበር እንዴ? መልሱ ይሄ ነው፦ በባቡሩ በጣም የተማረሩት፣ መጮኽም የሚያውቁበት፣ ሰውም የሚሰማቸው ደንበኞች ቀድመው ወደ ጭነት መኪናው ሄዱ። ባቡሩ ላይ የቀሩት ሌላ አማራጭ የሌላቸውና ድምፃቸው የማይሰማ ሆኑ። ባቡሩን የሚያስተዳድረው አካል ደሞ በእነዚያ መሄድ የሚጎዳ አልነበረም። መኪናው ባቡሩን አላነቃውም፤ አስተኛው።

እዚያው ናይጄሪያ ውስጥ ለትንንሽ የቤት ጀነሬተሮች ሕዝቡ ያወጣላቸው ስም «ከጎረቤቴ እሻላለሁ» የሚል ትርጉም አለው። ቀልድ ነው። ግን ከዚህ የተሻለ የዚህ ጽሑፍ ርዕስ አላገኘሁም ነበር፤ ተወስዷል።

የእኛን ብሎክ ቴሌግራም ግሩፕ ወደ ኋላ እየሳብኩ አነበብኩት። መብራት በሄደ ቁጥር ለጥሪ ማዕከሉ ደውሎ የቅሬታ ቁጥር የሚያመጣው ማን ነበር? «ነገ በአካል ሄደን እንጠይቅ» የሚለው ማን ነበር? አምስት ስድስት ሰዎች ናቸው። ሁሉም ዛሬ ኢንቨርተር አላቸው። ግሩፑ ደግሞ ስለ መብራት ዝም ብሏል። መብራቱ ስለተሻሻለ አይደለም። ደብዳቤ መጻፍ የሚችለው፣ ከቢሮ ፈቃድ ወጥቶ ሰልፍ መያዝ የሚችለው፣ የሚመለከተውን ሰው ስልክ የሚያውቀው ሁሉ በ10 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ወጥቷል። የቀሩት እነ እትዬ ናቸው። ያዙልኝ ያልኳችሁ ነገር ይሄ ነው፦ በሽቦው መዳን የግድ የሚድኑት ሰዎች ሽቦው እንዲድን የሚጮኽላቸውን ሰው አጡ። ለዚህ ነው ዕዳው በዋት-ሰዓት የሚከፈል አይመስለኝም የምለው። ስልክ ቻርጅ አደርግላቸዋለሁ፣ አምፖሉን አበራለሁ፤ ለእትዬ ግን ከባትሪዬ የሚደርሳቸው ነገር የለም። ከእኔ የሚያስፈልጋቸው ድሮ በግሩፑ ላይ የነበረው ጩኸት ነው።

«መጮኽ አይሠራም፤ ስለማይሠራ እኮ ነው የገዛነው» ትሉኝ ይሆናል። ይሄ ከባድ ክርክር ነው። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ኢንቨርተር የሚገዛ ሰው ሦስት ሳምንት ማታ ማታ ቪዲዮ ያያል፣ የባትሪ ኬሚስትሪ ያጠናል፣ ዋጋ ያወዳድራል። ያው ሰው የሰፈሩ ትራንስፎርመር ስንት ኪሎ ቮልት-አምፔር እንደሆነ አያውቅም፤ ሰሌዳው ላይ ግን ተጽፏል። 315 የሚል ከሆነ 90 ምጣድ በአንድ ጊዜ ሲሰካበት ሞላ ማለት ነው። ሌላ ምንም ሳይጨመር። ብሎኮቹን ቆጥራችሁ፣ የበዓል ዋዜማ ማታን አስቡና ምን እንደሚሆን ራሳችሁ አስሉት። ጩኸት አይሠራም ስንል ብዙ ጊዜ የሞከርነው «መብራት ሄደብን» የሚለውን ነው። «እዚህ ትራንስፎርመር ላይ ይሄን ያህል ቤት ተሰክቷል» የሚለውን አይደለም።

ደሞ እኛ እኮ በጋራ መክፈል የማናውቅ ሕዝብ አይደለንም። የሕዳሴ ግድብ በ2003 ሲጀመር ቦንድ ያልገዛ ደሞዝተኛ ማግኘት ከባድ ነበር፤ በ8100 አጭር መልእክት የላከው ተማሪ ሳይቀር ተቆጥሯል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ሲመረቅ 5,150 ሜጋ ዋት ነው የተባለው። ያው ሕዝብ ዛሬ በየቤቱ 1,280 ዋት-ሰዓት ለየራሱ ይገዛል። ግድቡና ቤታችን መካከል ያለው የመጨረሻው ሁለት መቶ ሜትር ነው ባለቤት ያጣው፤ ለእሱ ቦንድ የለውም፣ ዘፈን የለውም። ከአገሪቱ ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ደግሞ ሽቦው ራሱ ገና አልደረሰውም፤ እነሱ ይሄን ጽሑፍ ቢያነቡ ሁላችንንም ቅንጡ ነው የሚሉን።

ታዲያ ለብሎኩ አንድ ትልቅ ባትሪ ገዝተን ብንከፋፈልስ? ይሄን ሐሳብ ያመጣው ጎበዝ ጎረቤት አለ፤ እኔንም ለተወሰኑ ቀናት አስደስቶኝ ነበር። ሊባኖስ ሠርተው የመጡ እህቶች ያሉት ሰው ግን ቀጥሎ ያለውን ይገምታል። ቤሩት ውስጥ ከእርስ በርስ ጦርነቱ ዘመን ጀምሮ ሰው ለሰፈር ጀነሬተር ባለቤት በወር እየከፈለ በአምፔር ይገዛል፤ 5 አምፔር፣ 10 አምፔር። መፍትሔ ነበር፣ ጊዜያዊ። ጊዜያዊው አሥርተ ዓመታት ቆየ፤ ባለ ጀነሬተሮቹም የሽቦው መዳን ኪሳራቸው የሆነባቸው ሰዎች ሆኑ። የእኛ ባትሪ እዚያ አይደርስም፣ እሺ። ቢሆንም ትልቁ ባትሪም ምጣድ አያነሳም። ስምንት መቶ ጊዜ ብናሰላው ተመልሶ የሚመጣው እዚያው ነው።

አሁን እያደረግሁ ያለሁት ትንሽ ነገር ነው። ጡረታ ለወጣው ዩፒኤስ አዲስ ባትሪ አስገብቼለት ከግድግዳው ሶኬት ላይ ሰክቼዋለሁ። በዩኤስቢ ከአንዲት ራስበሪ ፓይ ጋር ተያይዟል፤ ኔትወርክ ዩፒኤስ ቱልስ የሚባለው ነጻ ሶፍትዌር መብራት በሄደና በመጣ ቁጥር ሰዓቱን ይመዘግባል። ሥራው የአንድ ከሰዓት ነው። ጨለማውን እንዳላይ ያደረገኝ ዓይነት ዕቃ አሁን ጨለማውን ይቆጥራል። የሦስት ወሩን መዝገብ ሠንጠረዥ አድርጌ ለብሎኩ ኮሚቴ ሰጠሁ፤ የትራንስፎርመሩን አቅምና የቤቱን ብዛት አያይዘን ደብዳቤ ተጻፈ። ገብቷል፤ ማኅተም ተመትቶበት ግልባጩ ተመልሷል። እስካሁን ያለው ይሄ ነው።

ፊርማ ስናሰባስብ ግን ኢንቨርተር ካለን ስምንት ቤቶች የፈረሙት አምስት ናቸው። ሦስተኛ ፎቅ ያለው ወዳጄ በር ላይ ቆሞ «እኔን እኮ አይነካኝም፣ ወንድሜ፤ ስሜ እዚህ ውስጥ ምን ያደርጋል?» አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም። የጎረቤቶቹን ልጆች ስልክ ከእኔ የበለጠ ቻርጅ የሚያደርገው እሱ ነው። ለእሱ ዕዳው እዚያ ላይ ተከፍሏል። «ስለማይነካህ እኮ ነው ስምህ የሚያስፈልገው» አልኩት። ሳቀ። ሰነፍ አባባል መስሎት ይሆናል። አልፈረመም።

እትዬ ፈረሙ፤ መጀመሪያ ከፈረሙት አንዷ ናቸው። ከዚያ ግን መነጽራቸውን አድርገው ደብዳቤውን ትተው ሠንጠረዡን ማየት ጀመሩ። «ይሄ ሰዓቱ ነው አይደል፣ ልጄ? እስቲ የትኛው ሰዓት ላይ ነው ጨርሶ የማይሄደው?» አሉኝ። እኔ ይሄን አላሰላሁትም ነበር፤ ሰንጠረዡ የተሠራው ለደብዳቤው ስለሆነ ስንት ጊዜ እንደሄደ እንጂ መቼ እንደማይሄድ አይናገርም። ማታ ቁጭ ብዬ በሰዓት በሰዓት ከፋፍዬ አወጣሁላቸው። በብዛት የሚሄደው ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ነው፤ ሁሉም ሰው እራት ሲሠራ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት እስከ ንጋት በሦስቱም ወር ውስጥ የሄደው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው።

አሁን ቡኮውን በዚያ ልክ ነው የሚያቦኩት። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እየተነሱ ይጋግራሉ። ዘግይቼ በምሠራባቸው ቀናት የጭሱ ማውጫ ድምፅ ከታች ይሰማኛል።